ሰባት ሰው ለማሟላት፦ አንድ እሁድ ከአርችዌይ እስከ ሜዳው

ጠዋት 6፡50፣ አርችዌይ

ገና በቅጡ አልነጋም። ዝናቡ ግን ከእኛ ቀድሞ ተነስቷል። ጋሽ ደምሴ አሮጌ ቫናቸውን ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ መቆም በተከለከለበት ቦታ አቁመው ይጠብቁኛል። የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው። አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። እሁዳቸውን በሙሉ የበላው ግን ኳስ ነው፤ ለንደን ውስጥ ያለው የእኛ የሐበሾቹ ቡድን አሰልጣኝም፣ ጸሐፊም፣ ሹፌርም፣ ማሊያ አጣቢም እሳቸው ናቸው።

እኔ የመጣሁት ለመጻፍ ነው። ቢያንስ የነገሩኝ እንደዚያ ነበር። ሐሙስ ደውለው፣ ሊጋችን ሳይሞት አንድ ነገር ጻፍለት፣ አብረኸን ዋል አሉኝ። ቫኗ ውስጥ ስገባ ከወንበሩ ስር ታኬታ ጫማ አየሁ። አርባ ሦስት ቁጥር፣ የእኔ ልክ። ጠረጠርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሊጉ ደንብ ሰባት ሰው ያላሟላ ቡድን አይጫወትም፣ ፎርፌ ይሰጥበታል። ሦስት ጊዜ ያላሟላ ደግሞ ከሊጉ ይሰረዛል። እኛ ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ጎድለናል። ዛሬ 10፡30 ላይ ሰባት ሰው ሜዳ ካልቆመ የጋሽ ደምሴ ቡድን አበቃለት። አራቱ በራሳቸው ይመጣሉ፣ ሁለቱን እኛ እየዞርን እንለቅማለን። ሰባተኛው ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የፊት መስታወቱን በእጅጌያቸው ወለወሉና መንገድ ላይ እንነጋገራለን አሉ።

7፡40፣ ወደ ዌምብሊ

ቀለበት መንገዱ ላይ መኪና የለም። ግራና ቀኝ የተዘጉ የቤት ዕቃ መደብሮች፣ የመኪና እጥበት፣ እርጥብ ግንብ። ከነዳጅ ማደያ የገዛሁትን ቡና ቀመስኩት፤ ሦስት ፓውንድ ከሃምሳ ለእጣቢ! ጋሽ ደምሴ ግን ወሬ ጀምረዋል።

ሊጉን የመሠረቱት የፋብሪካና የባቡር ሠራተኞች ናቸው ይላሉ፤ እሳቸውም ከቀድሞው ሊቀመንበር የሰሙት ነው። በደህናው ዘመን አምስት ዲቪዚዮን ነበረው። በየዓመቱ ከየዲቪዚዮኑ ሁለት ይወጣል፣ ሁለት ይወርዳል። ኮሚቴው ማክሰኞ ማክሰኞ ከአንድ መጠጥ ቤት ጓሮ ይሰበሰባል፣ ዳኛ ይመድባል፣ ተሳዳቢ ይቀጣል። ጋሽ ደምሴና ጓደኞቻቸው፣ ያኔ ሁሉም ስደተኛ ማረፊያ ውስጥ ያሉ ልጆች፣ አምስተኛ ዲቪዚዮን ተመዘገቡ። አንደኛ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጀባቸው። በዚያ ደረጃ እኔም ግራ ተከላካይ ሆኜ ጉልበቴን ሰጥቻለሁ፤ እስካሁን አልመለሱልኝም።

ከዚያ ከታች ጀምሮ መናድ መጣ። አምስተኛው ከአራተኛው ተቀላቀለ፣ አራተኛው ከሦስተኛው። ሜዳዎች ፎቅ ተሠራባቸው። ዳኞች ስድብ ሰለቻቸው። ወጣቱ እሁድ ይሠራል። አሁን አንድ ዲቪዚዮን፣ ስድስት ክለብ ብቻ ቀርቷል። ደንቡ ደግሞ ከስድስት ክለብ በታች ሊግ አይካሄድም ይላል። እና እኛ ብንሰረዝ ሊጉም አብሮን ይሄዳል ማለት ነው? ስላቸው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የስታዲየሙ ቅስት ግማሹ ደመና ውስጥ ገብቷል። ሱራፌል ከአዲሶቹ አፓርታማዎች ስር ተጠልሎ ቆሟል። እዚያው አካባቢ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ሺፍቱን ካንስል አድርጎ እንደመጣ፣ ሱፐርቫይዘሩም እንደተቆጣው እየነገረን ገባ። እሁድ አልሠራም ሲል ይህ ሦስተኛው ነው፤ አራተኛ ጊዜ ካለ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ።

8፡55፣ ሼፈርድስ ቡሽ

ገበያው ዝግ ነው። የብረት መዝጊያዎች፣ የተጨፈለቀ ካርቶን፣ አንድ እርግብ። ናትናኤል የሚኖረው ከገበያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። በጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ይጫወታል፤ የአምልኮው ሰዓት ደግሞ ከጨዋታው ጋር ይጋጫል። በሩን የከፈቱልን እናቱ ናቸው። ለጋሽ ደምሴ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ፣ ከዚያ ቁጣቸውን አስከተሉ።

"ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎን ስለማከብር ነው ዝም የምለው። ልጄ ግን የሚያገለግለው ጌታን ነው፣ ኳስን አይደለም።"

ጋሽ ደምሴ ደረጃው ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዛሬ ብቻ፣ ከዛሬ በኋላ አልለምንዎትም አሉ። አንድ ትልቅ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲለምን ማየት ደስ አይልም። ናትናኤል ቦርሳውን ይዞ ከእናቱ ጀርባ ወጣ፣ "ማሚ፣ አይ ፕሮሚስ፣ ለስብከቱ እደርሳለሁ" እያለ።

ቫኗ ውስጥ ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞረው ሦስት ቁጥር ማሊያ ጭኔ ላይ ጣሉ። ስሜ ከተመዝጋቢዎች ዝርዝር ወጥቶ አያውቅም ለካ! አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይንቋቋል።

"የቸገረው እርጉዝ ያገባል" አሉኝ፣ ሳይስቁ።

ልጆቹ ግን ሳቁ። እኔ ተናደድኩ፣ ከዚያ ለበስኩት። ሆዴ ላይ ተወጠረ።

10፡10፣ ሜዳው

የከተማው ምዕራባዊ ዳር። አሥራ ሁለት ሜዳ የነበረበት ሰፊ መስክ ላይ አሁን መረብ የተሰቀለበት አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ጎሎች ዝገው ቆመዋል። አራቱ ልጆቻችን ደርሰዋል፣ ከዛፍ ስር ይንቀጠቀጣሉ። ቆጠርን፤ ሰባት። ጋሽ ደምሴ ድጋሚ ቆጠሩ። ተመስገን አሉ። እኔም እውነቴን ነው፣ ዋርማፕ ሳደርግ ደስታ ተሰማኝ።

ያኔ ነው ወደ ማዶ ያየነው። የተጋጣሚያችን አሰልጣኝ ስታቭሮስ ቆጵሮሳዊ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከጋሽ ደምሴ ጋር ከአምስተኛ ዲቪዚዮን ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ከጎኑ የቆሙት አምስት ናቸው። እነሱም ሁለት ጊዜ ጎድለው ነበር።

10፡30 ሆነ። 10፡45 ሆነ። ስታቭሮስ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በመስመሩ ዳር ይመላለሳል። ዳኛው ሰዓቱን አየና ወረቀቱን አወጣ። የእኛዎቹ በደስታ ተቃቀፉ፤ ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ለዜሮ በፎርፌ፣ ቡድኑ ተረፈ። ጋሽ ደምሴ ግን ፊታቸው አመድ መስሏል። በጭቃው ውስጥ ተሻግረው ሄዱ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ዳኛውን፣ ሜዳው ውሃ አዝሏል ብለን ሁለታችንም ብንፈርም ጨዋታው ይተላለፋል ወይ ብለው ጠየቁት። ዳኛው ወደ ሰማይ አንጋጠጠ፣ ከተስማማችሁ እጽፋለሁ አለ።

ስታቭሮስ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"የዛሬ ሳምንትስ፣ ደምሴ?" አለ። "እነዚህን አምስቱን ለምኜ ነው ያመጣሁት። በሚቀጥለው አራት ይሆናሉ።"

"አንተ ከወጣህ እኮ አምስት ክለብ ነው የምንቀረው። ደንቡን ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። ደክሞኛል። ፈርምና ገላግለኝ።"

ጋሽ ደምሴ እስክሪብቶውን ይዘው ብዙ ቆሙ። ዝናቡ ወረቀቱን ነካው። ከዚያ ፎርፌው ላይ ፈረሙ፣ እሱም ፈረመ። ተቃቅፈው ቆዩ። የሜዳው ሠራተኛ መረቡን ማውረድ ጀመረ። እኔ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳልጫወትበት ማሊያዬን አወለቅሁ። ኳስ አንድ ጊዜ ለመምታት ይህን ያህል እንደምጓጓ ጠዋት ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

11፡30፣ መመለሻ

አራቱ በባቡር ሄዱ። ሱራፌልና ናትናኤል ከኋላ ናቸው፤ ናትናኤል ለስብከቱ ይደርሳል። ጋሽ ደምሴ ደንቡ እንደሚያዘው ውጤቱን ለሊጉ ጸሐፊ በስልክ አስታውቀዋል። ጸሐፊዋ አመሰገነች፣ ለማክሰኞው ስብሰባ ቀደም ብለው እንዲመጡም ነገረቻቸው። ልጆቹ ይህን አልሰሙም። በስልካቸው የደረጃ ሰንጠረዡን እያዩ ይከራከራሉ፤ አራተኛ ሆነናል።

"ጋሽ፣ በሚቀጥለው እሁድ ከማን ጋር ነን?" አለ ሱራፌል። "ለሱፐርቫይዘሩ ዛሬውኑ ቴክስት ላድርግለት፤ አልገባም ልበለው።"

ጋሽ ደምሴ መስታወት ውስጥ አዩት። ቀይ መብራት ይዞን ነበር፤ አረንጓዴ ሲሆንም አልተንቀሳቀሱም። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ።

"እገባለሁ በለው፣ ልጄ" አሉ። "ከእንግዲህ እሁዱን ሁሉ ሥራ።"