የመግሪቡ መርፌ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢመዘን ምን ይወጣዋል? የሠራው ሥራ ነው የሚከብደው፣ ወይስ የፈራው ፍርሃት? ሰው ሲሞት ያቆመው ቤትና የወለደው ልጅ ይቆጠርለታል፤ ፍርሃቱን ግን ማንም አይቆጥርለትም፣ ይዞት ይቀበራል። የወረባቦዋ ዘሊካ ዕድሜ ሚዛን ላይ ቢወጣ፣ ከባዱ ክፍል የሚገኘው ጂዳ፣ በግዳዲያ ሰፈር፣ ጣት በማታክል አንዲት መርፌ ላይ ነው።

ያን ጊዜ የወሎ ልጃገረድ ሁሉ ወደ ዐረብ አገር ይጎርፍ ነበር። ዘሊካም ወለል ልትወለውል፣ ልብስ ልትተኩስ ሄደች። የገባችበት ቤት ረሕማ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ስኳር በሽታ ያለባት። ስኳሯ አዛውንት የሚይዘው፣ በክኒን የሚታገሡት ዓይነት አይደለም። ገላዋ ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ አያመርትም፤ ያለ መርፌ ውላ አታድርም።

መርፌውን የምትወጋት እናቷ፣ የቤቱ ማዳም ነበረች። ረመዳን ሲገባ ግን፣ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳው በአንድ በኩል፣ ሾርባው በሌላ በኩል ማዳምን ያራውጧት ጀመር። አንድ ቀን ዘሊካን ጠራችና ጣት መውጋቱን፣ የስኳሩን ልክ ማንበቡን፣ ብዕር የመሰለውን መርፌ አዙሮ የመድኃኒቱ ልክ እቁጥሩ ላይ ማቆሙን አሳየቻት።

«አዛን ሲል ትወጊያታለሽ፣ ከዚያ ወደ ማዕድ። ኻላስ።»

«ማዳም፣ እኔ እኮ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ዓይኔን ነው የምጨፍነው።»

«እሷን ስትወጊ ግን እንዳትጨፍኚ። ያላ!»

ያን ወር ሙሉ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የዘሊካ አፍ ይደርቃል። ጾሙ አልነበረም ያደረቀው። «ቢስሚላህ» ብላ የልጅቱን ሆድ ቆንጠጥ ታደርግና ትወጋለች።

«አመመሽ?»

«መርፌው አያምም» ትላታለች ረሕማ፤ «የሚያመኝ የእጅሽ መንቀጥቀጥ ነው።»

ወዲያው ተምሩ ይቀርባል፣ ሾርባው ይከተላል፣ ልጅቱ ትበላለች። ዘሊካም «አልሐምዱሊላህ» ብላ ፍርሃቷን እስከ ነገ ታስተኛዋለች።

ኢድ ሆነ። ቤተሰቡ ዘሊካንም ይዞ መካ፣ ሴት አያትየው ቤት ሄደ። እንግዳው ከሳሎን አልፎ እደረጃው ላይ ፈሷል። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ከየአቅጣጫው ሲነሣ፣ ዘሊካ እጇን ታጥባ ረሕማን ፈለገቻት። ስኳሯን ለካች፤ ደኅና ነው። እንደ ወትሮው ወጋቻት። ልጅቱ እየቦረቀች ወደ አክስቶቿ ልጆች ሮጠች፤ ዘሊካም ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ማዕድ ግን አልቀረበም። ጾም ተፈቷል፤ ሰው ምሳውን በልቶ ነው የዋለ። ራት ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ ወንዶቹ ከመስጊድ ሲመለሱ ነው። በጉ ገና እሳት ላይ ነበር፣ ሩዙም ገና መንተክተኩ። መድኃኒቱ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ እሱ የተላከበትን ይሠራል፣ ስኳሯን ያወርዳል።

ዘሊካ ዕቃ ልታመጣ ስትወጣ ረሕማን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ግንባሯ በላብ ርሷል፣ ከንፈሯ ነጥቷል።

«ዘሊካ፣ ደረጃውን ምን ነካው? ይዞራል» አለችና ያለ ምክንያት ሳቀች። ከዚያ የዓይኗ ቆብ ይከደን ጀመር።

ዘሊካ አጠገቧ ተንበርክካ ደገፈቻት። ‘እኔ ነኝ፤ በእጄ ነው የገደልኳት’ የሚለው ሐሳብ ብቻ እንደ ከበሮ ይመታባታል። ወኅኒ ቤቱም፣ ወረባቦ ያለች እናቷም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡባት።

ያን ጊዜ የአያትየው ጎረቤት ሱረያ ጣፋጭ የሞላ ሳሕን ይዛ ደረጃውን ትወጣለች። አያቶቿ ከወሎ መጥተው መካ የቀሩ፣ እሷም እዚያው የተወለደች ልብስ ሰፊ ናት።

«ኢድ ሙባረክ ልል ብመጣ በድንጋጤ ነፍሴን አወጣሽው! ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት ዘሊካን። ረሕማን ስታይ ሳሕኑን አስቀመጠች። «እናቴም ስኳር ነበረባት። መርፌ ወስዳለች?»

«ወስዳለች።»

«በልታለች?»

ዘሊካ ድስቱ ወደ ተጣደበት ማድቤት ዞራ አየች።

«ያ ረቢ! ረሕማ፣ ትሰሚኛለሽ? ምራቅሽን ዋጥ አድርጊ እስቲ። ትውጣለች! ስኳር ያለው ጁስ አምጪ። ሩጪ እንጂ እታለም፣ ለቅሶው ይደርሳል!»

ዘሊካ ሮጠች፤ ከጁሱ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ቀስ በቀስ አጠጧት። ሲለኩት፣ ዘሊካ ያን ያህል የወረደ ቁጥር አይታ አታውቅም። ደግመው አጠጧት፣ ትንሽ ቆይተው ደግመው ለኩ፤ ከፍ አለ። ያልበሰለውንም ሩዝ ጭልፋ ሙሉ አመጡላት።

«ሩዙ ጥሬ ነው» አለች ረሕማ ፊቷን አጨማዳ። ዘሊካ ከዚያ ቃል በላይ የጣፈጠ ነገር ሰምታ አታውቅም። ያኔ ነው እንባዋ የመጣ።

ማዳም ደርሳ ልጇን አቀፈችና ወደ ዘሊካ ዞረች። «ሳትበላ ማን ውጊ አለሽ?»

«አዛን ሲል ውጊያት ብለሽኝ…»

«እሱ እኮ ለረመዳን ነው!»

ዘሊካ አቀረቀረች። ረመዳን ማለቁን ታውቃለች፤ እሷም ጾማዋለች። ትእዛዙ አብሮ ማለቁን ግን ማን ነገራት? ሰው ትእዛዙን እንጂ ምክንያቱን ካልሰጡት፣ በጨለማ እንደ ሰደዱት ነው። ማዳምም ይህ ሳይገባት አልቀረም፤ ስድቡ ከአፏ አልወጣም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘሊካ ሳሕኑ ልጅቱ ፊት ሳይቀመጥ መርፌውን አትነካም። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃት። ጂዳ ሲመለሱ፣ ማዳም ረጋ ያለችበትን ሰዓት ጠብቃ እፊቷ ቆመች።

«መርፌውን ውሰጂልኝ አልልም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስወጋት አንድ ሰው አጠገቤ ይቁም። አንቺም ሁኚ፣ አባቷም ይሁን። መብላቷንና ቁጥሩን አብሮኝ ይይልኝ።»

«ኢንሻአላህ» አለች ማዳም፣ ስልኳን እያየች። «ደግሞ አንቺ ለምደሽው የለ?»

ዘሊካ እዚያ ቤት እስከ ቆየችበት የመጨረሻ ቀን ድረስ፣ መግሪብ በመጣ ቁጥር፣ ረሕማን ከመውጋቷ በፊት የማድቤቱን በር ገርበብ አድርጋ ትጠብቅ ነበር። አንድም ቀን የመጣ ሰው የለም።