አባ ስለ ወንድሜ ሲሰግዱ

ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል በደጀን መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሞተ። እማየ ከዚያ ወዲህ "ልጄ ንስሐ ሳይገባ ሄደብኝ" እያለች ታለቅሳለች። ዛሬ ለተዝካሩ ጎረቤቶች የጠላ ጋን በወይራ ሲያጥኑ፣ ሽታው ወደ አንድ የስቅለት ምሽት ወሰደኝ።

የንስሐ አባታችን የሰዉን ጀርባ በወይራ ቅጠል መታ መታ እያደረጉ ስግደት ያዛሉ። የይበልጣል ተራ ደረሰ። በሬ የረገጠው እግሩ በጨርቅ ታስሯል። ሊሰግድ ሞከረና ወደቀ።

"ይልቅ በሬው ይስገድ፣ የረገጠው እሱ!" አሉ አንድ ሽማግሌ። ከኋላ ያሉት ሳቅ አፈናቸው። ይበልጣል ግን አለቀሰ።

"አባ፣ ካልሰገድሁ እግዜር አይምረኝም?"

አባ ቅጠሉን ለዲያቆኑ ሰጡና እዚያው መሬት ላይ ተደፉ፤ ተነሡ፤ ደግመው ተደፉ። ጋቢያቸው አፈር ለበሰ።

"አባ፣ የኔን እኮ ነው የሚሰግዱት!"

"ዝም በል ልጄ። የሚያድንህ ስግደትህ መሰለህ? ስላንተ ሞቶ ያዳነህ አለ። እኛ የምንሰግደው ለምስጋና ነው።"

ያኔ አልገባኝም። አሁንም... በደንብ ገብቶኛል አልልም።

እማየ ያን ዕለት አልነበረችም። አጠገቧ ተቀምጬ አባ ያሉትን ነገርኋት። ከዚያ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ፣ "እስቲ ድገምልኝ" አለችኝ።