ሳትቀረጽ የምትቀር ቅጠል

የሶኖራው ኮርቻ ሠሪ ዶን ኤውስታኪዮ ቁጡ ሽማግሌ ነበር፤ እጁ ግን የተባረከ ነው። በኮርቻ ኮሮጆ ላይ የወይን ሐረግ ሲቀርጽ ሁልጊዜ አንዲት ቅጠል ሳይቀርጽ ይተዋል። የኮሮጆው ባለቤት ሲሞት ቤተሰቡ ያመጣለታል፤ እሱም ደረቅ ቆዳ ቢላ አይቀበልምና በውሃ አርሶ ቅጠሏን ይጨርሳታል። የራሱም ኮሮጆ አንድ ቅጠል እንደጎደለው ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል።

አንድ ቀን ከብት ነጂውን ሩፊኖን ወንዝ ወሰደው ተባለና ሚስቱ ኦቲልያ ኮሮጆውን ይዛ መጣች።

«ይጨርሱልኝ፣ አባባ።»

«ሬሳው ሳይገኝ? በሰው ነፍስ አታሟርቺ! ሰው በቁሙ ይቀበራል እንዴ?»

«ፈረሱ ብቻውን ተመለሰ እኮ። ከዚህ ወዲያ ምን ልጠብቅ?»

እንባዋን ሲያይ አንጀቱ አልቻለም። እየተነጫነጨ ቆዳውን አርሶ ቅጠሏን ቀረጸና «ሲደርቅ ትወስጃለሽ» ብሎ ሸኛት።

እሷ ከመሄዷ ሩፊኖ ከነልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመ።

«አንተ! ተርፈሃል እንዴ?» አለ ሽማግሌው፣ በደስታ ከመቀመጫው ተነሥቶ።

ሩፊኖ አዲሷን ቅጠል በጣቱ ዳሰሳት።

«የእኔስ ይሁን፣ መጨረስዎ ስህተት አይደለም» አለ። «የእርስዎን ግን ማን ጨረሰልዎ?»

ዶን ኤውስታኪዮ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጎዶሎዋ ቅጠል በገዛ እጁ አቀራረጽ ተቀርጻለች። ቀረብ ብሎ ነካት።

ቆዳው ገና እርጥብ ነበር።