ባላንጣ ያጸደቀው ኮድ

ቢሮ ውስጥ «ደወል» ነበር የሚሏት። የፍቅር ስም አልነበረም። ያወጣላት የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ ያወጣውም ሰው ፊት ሊያዋርዳት ብሎ ነው። ስሙ ግን ወዲያው ተለጠፈባት፤ ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ «ደወል ገብታለች?» ይሉ ጀመር። እሷም ሲጠሯት አቤት ትላለች። ብትናደድ እሱን ደስ እንደሚለው ታውቃለች፤ ያንን ደስታ ደግሞ በቁሟ አትሰጠውም።

መሥሪያ ቤቱ የአምቡላንስ ጥሪ የሚቀበል ድርጅት ነው። ሰው የታመመበት ይደውላል፤ ፕሮግራሙ ጥሪውን ተቀብሎ ቅርብ ያለውን መኪና ይመርጥና ለሾፌሩ ይልካል። ፕሮግራሙ የሚሠራው ግን እዚያው ሕንፃ ውስጥ አይደለም፤ ሩቅ ቦታ በኪራይ በተያዙ ኮምፒውተሮች ላይ፣ ክላውድ በሚሉት ላይ ነው። ማንም ሄዶ በዓይኑ አያየውም። አንድ ነገር ሲበላሽ የሚናገሩት አላርሞቹ ብቻ ናቸው፤ ጥሪ ሲጠራቀም፣ ኮምፒውተሩ ሲጨናነቅ፣ መልእክት ሾፌሩ ጋ ሳይደርስ ሲቀር በባለሙያዎቹ ስልክ ላይ ይጮኻሉ።

እነዚህን አላርሞች ለዓመታት እንደፈለገ ሲያደርጋቸው የኖረው ዋርሳዋ፣ ያው የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ነው። የክፍሉ ኃላፊ እሱ ነበር። የክላውዱን ገጽ ከፍቶ እዚህም እዚያም እየነካካ አንዱን ያበራል፣ ሌላውን ያጠፋል፣ የሚጮኹበትን ገደብ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ለምን እንዳደረገው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሲጠይቁት «ተዉት፣ እኔ አውቀዋለሁ» ይላል።

ጠባቸው የተጀመረው ግን በአላርም አይደለም። በተቀጠረችበት ዓመት እሱ ታሞ ቤት ዋለና የቢሮ ላፕቶፕ ልታደርስለት ሄደች። በሩን የከፈተላት ታናሽ ወንድሙ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ተጋቡ። ዋርሳዋ ሰርጉ ላይ ጥርሱን ነክሶ ቆመ፤ በማግስቱም ለእናቱ «ቢሮዬ ገባች፣ ቤቴ ገባች፤ አሁን የቀራት ወንበሬ ነው» አላቸው። አማቷ ደግሞ ነገር አፋቸው ውስጥ አያድርም፤ ለምራታቸው ሳይውል ሳያድር አደረሱላት። እስከዚያ ቀን ድረስ «ጋሼ» እያለች «አንተ» ነበር የምትለው። ከዚያ በኋላ «እርስዎ» አለችው። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ቃሉን እየረገጠች ነው የምትለው፤ ባሏ አንድ ቀን ሰምቷት «ከዚህስ ብትሰድቢው ይሻላል» አላት።

ነገሩ የከረረው የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አላርሞቹ ሁሉ በኮድ ይጻፉ ብላ ሥራውን ለደወል የሰጠች ጊዜ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የትኛው አላርም በምን ገደብ እንደሚጮኽና ለማን እንደሚደውል ፋይል ላይ ይጻፋል፤ በየማለዳው ፕሮግራሙ ፋይሉን ያነብና ክላውዱን እንደ ተጻፈው ያስተካክለዋል። አንድ ሰው በእጁ የለወጠው ነገር ካለ ይሰረዛል፤ ፋይሉ ያለው ብቻ ይጸናል።

ሥራውን ስትጀምር አንድ ነገር አገኘች። ደዋዮች ሰልፍ ይዘው ሲጠብቁ የሚጮኸው አላርም ገደቡ እጅግ ከፍ ብሏል፤ ሰው ብዙ ካልጠበቀ በቀር ትንፍሽ አይልም። ዋርሳዋን ጠየቀችው። በሆነ ባልሆነው እየጮኸ ሰው ስላስቸገረ ነው ከፍ ያደረግሁት አላት። እሷ ገደቡን ዝቅ አድርጋ ጻፈችው። እሱ ከሰዓት በእጁ ከፍ አደረገው፤ ጠዋት ኮዱ መለሰው። ደግሞ ከፍ አደረገው፤ ደግሞ ተመለሰ። እንዲህ እየተባባሉ ሰነበቱ። አንድም ቀን ፊት ለፊት አልተነጋገሩበትም። እሱ ለእናቱ «እጄን ቆረጠችው» ብሎ ተናገረ፤ አማቷም እንደ ልማዳቸው አደረሱላት። ደወል ያንን ስትሰማ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ደስታዋ በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን አላበቃም። ኮዱን የምትጽፈውም የምታጸድቀውም ራሷ ናት፤ የሚያይባት የለም። አንድ ከሰዓት፣ በስብሰባ ላይ «ይቺን ደወል ራሷንስ ማን ያጠፋልን?» ብሎ ሰው ካሳቀባት በኋላ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ተመልሳ ፋይሉን ከፈተች። አላርሞቹ ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሱ እንዲሆን አደረገች። እሱ ካላነሳ ነው ሌላው ሰው ጋ የሚሄደው። አንድ ኮምፒውተር ትንሽ ሲሞቅ ይደወልለታል፤ ተራ የሌት ሥራ ጥቂት ቢዘገይ ይደወልለታል። አማቷ ቤት የእሁድ ምሳ ላይ ስልኩ እየደጋገመ ሲጮህ ሹካውን አስቀምጦ የጎሪጥ አያት። እሷ ለአማቷ ውሃ እየቀዳች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

እሱ ግን ሄዶ አልከሰሳትም። መክሰስ መሸነፍ መሰለው። የስልኩን ድምፅ አጠፋና ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ ወዲያ አላርምን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

ቀኑ ሰኞ ነበር፣ ረፋድ ላይ። ጠዋት አንድ ለውጥ ተሠርቶ ነበርና ፕሮግራሙ ጥሪዎችን ቢቀበልም ለሾፌሮቹ ማስተላለፉን አቆመ። አላርሙ በሰዓቱ ጮኸ። የጮኸው ግን ዋርሳዋ ኪስ ውስጥ፣ ድምፁ በጠፋ ስልክ ላይ ነው። እሱ ስብሰባ ላይ ነበር። የአላርሙ ጥሪ እሱን ጠብቆ፣ ደጋግሞም ደውሎለት፣ ወደ ሌላ ባለሙያ እስኪሻገር ድረስ ብዙ ጊዜ ሄደ። ያኔ በከተማው አንድ ዳር አንድ ሶፋ ሠሪ ሱቁ ውስጥ ምላሱ ተሳስሮ፣ ግማሽ አካሉ ከድቶት ወድቋል፤ ልጁ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ጥሪዎን ተቀብለናል» የሚለውን ድምፅ ደጋግማ ትሰማለች። አምቡላንሶቹ በየማቆሚያቸው ሞተር አጥፍተው ቆመዋል።

ሰውዬው አልሞተም። ንግግሩ ግን አልተመለሰም።

ልጅቱ በሳምንቱ ቢሮ መጣች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ የጨርቅ ክር ትከሻዋ ላይ እንዳለ። ቁጭ በይ ቢሏት እምቢ አለች። ሁለቱም፣ ደወልም ዋርሳዋም፣ እዚያው ነበሩ።

«ተቀብለናል ይለኝ ነበር» አለች። «ማነው የተቀበለው? እሱን ብቻ ንገሩኝና ልሂድ።»

ደወል ዋርሳዋን አየች፤ እሱም እሷን። ልጅቱ አንድ በአንድ አየቻቸውና ወጣች።

ሥራ አስኪያጇ ሁለቱን ክፍሏ አስገብታ በሩን ዘጋች። ዋርሳዋ የስልኩን ድምፅ ያጠፋው እሱ መሆኑን አልካደም፤ ያንን ስልክ ያሳበደችው ግን ይቺ ናት አለ። ደወልም አልካደችም። ተናድጄ ነው የጻፍኩት፣ የሚያየኝም ሰው አልነበረም አለች። ቀጥላም እሱ ለዓመታት በእጁ ሲነካካ ማን አየው ብላ ጠየቀች። እሱ ከወንበሩ ተነሣ፤ ድምፁም ከፍ አለ። ወንድሜን ቀማሽኝ አላት። እርስዎ ወንድም ኖሮዎት አያውቅም፣ ያለዎት ታዛዥ ነው አለችው። ሥራ አስኪያጇ ሁሉንም ሰማች። ሲደክማቸው ውሳኔዋን ነገረቻቸው። ከዛሬ ጀምሮ በእጁ የሚነካ የለም፤ ሁሉም በኮድ ነው። ኮዱም ሁለተኛ ሰው አይቶ ሳያጸድቀው አይገባም። የእሷን እሱ ያጸድቃል፣ የእሱን እሷ።

«ሌላ ሰው የለም?» አለች ደወል።

«ሞልቷል» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ሌላው ሰው ግን ስህተታችሁን ያሳልፍላችኋል። እናንተ አንዳችሁ ለአንዳችሁ አታሳልፉም።»

እውነቷን ነበር። ደወል የእሱን ጽሑፍ በሰው ሥራ ላይ ጥፋት ከመፈለግ በቀር ጉዳይ እንደሌለው ሰው ታነባለች፤ እሱም የእሷን እንደዚያው። «ለምን እዚህ ላይ?» ብሎ ይጽፍላታል። ምክንያቷን ትጽፋለች። አላመነበትም፤ ይመልስባታል። በጥላቻ ብዛት አንድም ፋይዳ የሌለው አላርም ሳይተርፍ ተለቀመ። የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱም ለምን እንደሚጮህና ማን ማንሳት እንዳለበት ከአጠገቡ ተጽፏል። አንድ ጊዜ ትልቅ ስህተት አገኘባት፤ ገደቡን ስትጽፍ ደቂቃውን ከሰከንድ አምታታችው። እሱ «አንብቢ» ብቻ ብሎ መለሰው። ፊቷ ቀላ፤ አረመችው። ምስጋና አልጻፈችም።

ቤታቸው ግን አልዳነም። የእሁድ ምሳው ለሁለት ተከፈለ፤ ባሏ አንዱን ሳምንት ከእሷ ጋር ቤታቸው ይበላል፣ አንዱን ለብቻው ወደ እናቱ ይሄዳል። አማቷ ልጆቼን አጣሁ ብለው ያለቅሳሉ፣ ያንኑ ያህልም ወሬ ያመላልሳሉ። ደወል አንድ ቅዳሜ ሶፋ ሠሪው ሱቅ ድረስ ሄዳ ነበር። ልጁ ከበሩ ቆማ ምን ፈልገሽ ነው አለቻት። ልጠይቀው ብዬ ነው አለች። ቢያገኝሽ ምን ይልሻል፣ መናገር እንደሁ አይችል፤ አለችና መጋረጃውን ለቀቀችው። ደወል መንገዱ ላይ ትንሽ ቆማ ተመለሰች። ይህን ለባሏም አልነገረችው።

ክረምቱ ሲገባ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የሰልፉ አላርም ጮኸ። ደወል ወዲያው አነሳችው። ዋርሳዋም አንስቶ ኖሮ ደወለላት፤ በስልክ ሲያወሩ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

«የኔ ለውጥ ነው ያበላሸው» አለ። «ወደ ነበረበት ልመልሰው ነው። ልኬልሻለሁ፣ አጽድቂው።»

«እያነበብኩ ነው።»

«አምስት መስመር ነው፣ አጽድቂው እንጂ።»

«እያነበብኩ ነው አልኩዎት።»

ትንፋሹ ይሰማታል። ከመስመሮቹ አንዷን ሁለት ጊዜ አነበበቻት፤ ትክክል ነበረች። አጸደቀችው። ሰልፉ ሲቀንስ ሁለቱም በየስክሪናቸው አዩት፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ መንቀሳቀስ ጀመሩ። እሱ ቻው ሳይል ዘጋው። እሷም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ጠዋት ራሷ ያጸደቀችው ለውጥ ውስጥ ያለው ስህተት እንዴት እንዳለፋት ለማየት ከመጀመሪያው መስመር ታነብ ጀመር።