የአባባ «ትንሽ»

ዕብራይስጥ በሚነገርበት አገር፣ ኪርያት ኖርዳው በሚባል ሰፈር ልጅ ሳለሁ፣ የእናቴ አባት አባባ ደሴ በጋ በገባ ቁጥር ማታ ማታ ሚርፔሴታችን ላይ ከሰል ያያይዙ ነበር። ሚርፔሴት የምንለው ከሦስተኛ ፎቅ ቤታችን ወደ ውጭ የወጣችውን ሰገነት ነው፤ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር የያዘች፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ከላይዋ የተወጠረባት፣ ለአንድ ሽማግሌና ለአንዲት ልጅ ብቻ የምትበቃ ቦታ ነበረች። ሌሎቹ የሕንፃው ሰዎች ከሰል የሚያያይዙት በበዓል ቀን ሥጋ ለመጥበስ ነው። አባባ ግን በቆሎ ነበር የሚጠብሱበት። ጢሱ በተሰጣው ልብስ ውስጥ እየገባ እናቴን ያበሳጫታል። «አባዬ፣ አንሶላውን እኮ አሁን ነው ያጠብሁት!» ስትል እሳቸው ፈገግ ብለው «ትንሽ ነው፣ ይለቃል» ይሏታል። ትምህርት ቤት ለብሼው የምሄደው ሸሚዝ ግን ሳምንቱን ሙሉ የተጠበሰ በቆሎ ይሸት ነበር።

የአባባ ተረት የሚጀመረው ያኔ ነው፤ ነበልባሉ አልቆ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ የመንገዱ መብራት ከታች ወጥቶ ግማሽ ፊታቸውን ሲያበራ፣ ከማዕከላዊው ጣቢያ የመጣው አውቶቡስ ከሥራ የሚመለሱትን ሰዎች በራችን ላይ አራግፎ ሲሄድ። አባባ አገር ቤት ወገራ ሳሉ ቀጥቃጭ ነበሩ፣ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበርና እሳት አያስደነግጣቸውም። በቆሎውን በባዶ ጣታቸው እያገላበጡ፣ ፍሬው ፈንድቶ ጣ ሲል ቆም እያሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ሳይጥሉ ያወጉኛል። እኔም እግሬን አጥፌ፣ የሰገነቱን ብረት ተደግፌ እሰማለሁ። ያኔ ከዚያ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባባ ነገር የሚለኩበት አንድ ቃል ነበራቸው፤ «ትንሽ»። ቀኑን ሙሉ ጾመው ሲውሉ «ትንሽ ራበኝ» ይላሉ። ከሰፈሩ ሽማግሎች ጋር ሊጫወቱ ሲወጡ «ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ» ብለው ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለሳሉ። በሰርጋቸው ቀን ስንት ሰው እንደመጣ ስጠይቃቸው «ትንሽ ሰው ነበር» አሉኝ፤ እናቴ ከወጥ ቤት ሆና «መላው ወገራ ነው አሉ የመጣው!» ብላ ጮኸች። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ሳህኑ ሞልቶ እየፈሰሰ «ትንሽ ቅመሱ» ይላሉ።

አራተኛ ክፍል ሆነን እንግሊዝኛ ስንጀምር መምህርታችን ሰሌዳው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሣለች። አንደኛው እስከ አፉ የሞላ ነው፤ ሌላኛው ከሥሩ ውሃ ነካ ያደረገው ብቻ ነው። ጣቷን ሥሩ ላይ አድርጋ «ሊትል» አለችን፣ እኛም ተከትለን «ሊትል» አልን። ለውሃ፣ ለጊዜ፣ ለድካም፣ ለሁሉም ይሆናል ብላ ምሳሌ ደረደረችልን። እኔ በሆዴ፣ ይህቺ ሴትዮ አባባን አታውቃቸውም አልሁ። በአባባ ቤት ሙሉው ብርጭቆ ነው ትንሽ የሚባለው።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የምወደው የማሩን ነበር። አንድ ሰውዬ ለእህቱ ሰርግ አንድ እንስራ ማር ተሸክሞ ጎንደርን አልፎ ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። ያገኘውን እረኛ «ስንት ቀረኝ?» ይለዋል። «ትንሽ ነው፣ ከዚያ ጉብታ ጀርባ» ይለዋል። ጉብታውን ሲያልፍ ውሃ የምትቀዳ ሴት ያገኛል፤ እሷም «ትንሽ ነው» ትለዋለች። ወንዙን ሲሻገር አንድ ባሕታዊ፣ ዳገቱን ሲወጣ አንድ አራሽ፣ ሁሉም «ትንሽ ነው» ይሉታል። አባባ እያንዳንዱን ሰው በየድምፁ ያመጡታል፤ የእረኛውን በአፍንጫቸው፣ የባሕታዊውን ከጉሮሯቸው። በመጨረሻ ሰውዬው ጫማው አልቆ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ ወርዶ ሲደርስ ቤቱ በእልልታ ተሞልቷል። «ተመስገን፣ ለሰርጉ ደረስሁ!» ሲል «የምን ሰርግ? ዛሬ እኮ የልጅዋ ግዝረት ነው!» ይሉታል። በዚህ ጊዜ እኔ በሳቅ እወድቃለሁ።

አንድ ማታ ግን ከሳቄ ስመለስ፣ ሰዎቹ ለምን እንደዋሹት ጠየቅኋቸው። አባባ በቆሎውን ከፍሙ ላይ አነሡ።

«አልዋሹትም፣ አስቱ። መንገደኛን ሩቅ ነው ካልሽው ጉልበቱ እዚያው ይከዳዋል። ትንሽ ነው ካልሽው ግን ይሄዳል፤ ይህ ሰው እኮ ደረሰ» አሉኝ።

በዚያው በጋ መጨረሻ አባባ ከሰል ማያያዝ ተዉ። ሙቀቱ ነው አሉ። በቆሎው በማቀዝቀዣው ውስጥ ደረቀ። ደረጃውን ስንወጣ በየፎቁ ቆም ይሉና፣ የጎረቤት አበባ የሚያዩ ይመስል ግድግዳውን ይይዛሉ። እናቴ ስትጠይቃቸው «ትንሽ ሆዴን ይለኛል፣ ያልፋል» አሏት። እሷ ባሕሩ ዳር ካለ ሆቴል ታጸዳ ነበርና ፈቃድ አላገኘችም፤ ዕብራይስጥ የምናገር እኔ ስለሆንሁ ሐኪም ቤት ይዣቸው እንድሄድ እኔ ታዘዝሁ። በሰፈራችን ያለ ልጅ ሁሉ ይህንን ያውቀዋል፤ ከባንክ እስከ ሐኪም የአያቶቻችን አፍ እኛ ነበርን።

አባባ ለሐኪሟ ክብር የሰንበት ልብሳቸውን ለበሱ። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቀችኝና ነገርኋቸው።

«ደና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን በያት። ትንሽ ብቻ ነው።»

«ሕመሙ ከአንድ እስከ አሥር ቢቆጠርስ ስንት ይሆናል ትላለች።»

«ቁጥር አያሻውም። ትንሽ ነው በያት፤ ደክማ ትሆናለች፣ አናስቆያት።»

ሐኪሟ ጣቶቿን ኮምፒዩተሩ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። የትንሽ ዕብራይስጡ ክጻት ነው፤ ከምላሴ ጫፍ ደርሷል። ነገር ግን ወደ አባባ ዞር ስል እጃቸውን አየሁት። እሳት የማያስደነግጠው ያ እጅ የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዶ ይዞ ጣቶቹ ነጥተዋል። በጣም ፈራሁ። «ትንሽ ነው ይላሉ» አልኋት በዕብራይስጥ፣ «ግን እሳቸው ትንሽ ሲሉ ትንሽ ማለት አይደለም»። አልገባትም። እንዴት እንደማስረዳት ቸገረኝና በዚያው ድንጋጤ የማሩን ተረት ጀመርሁላት። እረኛውን ነገርኋት፣ ሴትየዋን ነገርኋት፣ ባሕታዊውን በዕብራይስጥ የሚባልበትን ስላጣሁ ሽማግሌ አልሁት። ግዝረቱ ላይ ስንደርስ ሐኪሟ በሳቅ ፈነዳች።

ከዚያ ሳቋ ቆመ። አባባን አየቻቸው፤ ወደ አልጋው እንዲሄዱ ጠየቀችና ሆዳቸውን በቀኝ በኩል ተጫነችው።  የአባባ ግንባር ላብ በላብ ሆነ። ሐኪሟ ስልኩን አንሥታ አምቡላንስ ጠራች።

«ምን አልሻት?» አሉኝ አባባ ተኝተው።

«ተረቱን ነገርኋት። የማሩን።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ተረት እኮ የቤት ነው» አሉ።

በዚያው ቀን ቀደዷቸው። የሐሞት ከረጢታቸው ሊፈነዳ ደርሶ እንደነበር፣ አንድ ቀን ቢያድር ኖሮ አስጊ ይሆን እንደነበር ለእናቴ ነገሯት። እሷም የሆቴሉን ሽርጥ ሳታወልቅ መጥታ ኮሪደሩ ላይ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ሁሉም አመሰገኑኝ። እኔ ግን ያ ወደ ግድግዳው የዞረ ፊት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሰው ፊት ገመናቸውን ያወጣሁባቸው መሰለኝ።

ወደ ቤት ከተመለሱም በኋላ ሚርፔሴቱ ላይ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። ተረት አልነበረም። ሻይ ስወስድላቸው «ተባረኪ» ይሉኛል፣ ከዚያ ወደ መንገዱ ያያሉ። እናቴ «ተያቸው፣ ቁስላቸው ይዳን» ትለኛለች። ዳግመኛ ላያወጉኝ ነው ብዬ ስንት ቀን በሆዴ አለቀስሁ። ያኔ ከሐሞት ከረጢቱ ይልቅ እሱ ነበር የሚያስፈራኝ።

የአዲሱ ዓመት በዓላት ሰሞን ሲያልፍ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት አንድ ምሽት ጠሩኝ። «አስቱ፣ ከሰሉን አምጪልኝ።» ሮጥሁ። አያያዙት፣ አራገቡት፣ ፍም እስኪሆን ጠበቅን። እግሬን አጥፌ ተቀመጥሁ፤ ተረት ግን አልጀመሩም።

«ተቆጥቼሽ አይደለም» አሉ። «የኔን ሕመም በልጅ ትከሻ አሸክሜ ሐኪም ፊት ማቆም አልወደድሁም። እንዳይከብድሽ ብዬ ነው ትንሽ ያልሁት።» በቆሎውን አገላበጡት። «ያን ለት መብራቱ ከበዛበት ክፍል ሲያስገቡኝ፣ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ከበሩ ሲቀር፣ ፈራሁ አስቱ። እጅግ ፈራሁ።»

እጅግ የሚለውን ቃል ስለ ራሳቸው ሲሉት ስሰማ በሕይወቴ መጀመሪያዬ ነበር። መልሰው ያሳንሱታል ብዬ ጠበቅሁ። አላሳነሱትም። እጃቸውን ያዝሁት፤ ከፍሙ የተነሣ ትኩስ ነበር። እንዲያው ይዤያቸው ቆየሁ፣ በቆሎውም አረረ።

ከዚያ በኋላ አባባ ብዙ ዓመት ኖሩ። ለእናቴም፣ ለጎረቤቱም፣ ለሰንበት እንግዳውም ሁሉ ነገራቸው እንደ ድሮው ትንሽ ሆኖ ቀረ። ሐኪም ቤት ስንሄድ ግን ደረጃው ላይ እረፍት ሲያደርጉ ዝቅ ባለ ድምፅ የሕመሙን ልክ ይነግሩኝ ነበር። ወታደር ሆኜ በዕረፍት ስመጣም፣ አግብቼ ቃዲማ የሚባል ከተማ ከገባሁ በኋላ በአውቶቡስ እየተመላለስሁ ስጠይቃቸውም እንዲያው ነበሩ። የመጨረሻው ሰሞን እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «አባዬ፣ ያምሃል?» ስትላቸው «ትንሽ ነው፣ ልጄ» ይሏታል፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለስ ያደርጋሉ።

ዛሬ የብዙዎቹ ተረቶች መጨረሻ ጠፍቶብኛል፤ ለልጆቼ ስነግራቸው መሐል ላይ ቆሜ የራሴን እጨምራለሁ። ያ ዓይን ግን አለ። እንደፈሩት የሕመማቸውን ልክ ማወቅ ከብዶኝ ነበር፣ ከባድም ነበር። ማንም እንዲያግዘኝ ግን አልፈልግም ነበር።