ለመምህርት ሰላም የገጠምኩት ፍሬም

ወረታ መናኸሪያ አጠገብ ጫማ ስፌት የጀመርኩ ዕለት አያ ደስታው ወስፌ አላስያዙኝም። አሠሪዬም አስተማሪዬም እሳቸው ነበሩ። ሊጠገን የመጣውን አሮጌ ጫማ ፊቴ ከምረው፣ "ባለቤቱ እንዴት እንደሚራመድ ከሶሉ ንገረኝ" አሉኝ። የመንደሬን የቁሐር ሚካኤልን ጭቃ ሳላራግፍ የመጣሁ ገበሬ ነበርኩና ሳቄ መጣ። የሁለቱን እንኳ በትክክል መናገር ሲያቅተኝ ሳቁ ጠፋ።

ዛሬ ሶል አይቼ አረማመድ አውቃለሁ። ጉራ ነው ብትሉም ግድ የለኝም፤ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ስኬቲንግ የሚሉት ባለ ጎማ ጫማ ወደ እኔ የመጣው ጫማ ስለሆነ ብቻ ነው። ወጣቶቹ አስፋልት ላይ ሲነዱት ውለው የተቀደደውን ያመጡልኛል፤ እሰፋለሁ። ቆይተው "ፍሬሙንም ቀይርልን" አሉኝ። ፍሬም ማለት ከጫማው ሥር በቡሎን ታስሮ አራቱን ጎማ የሚይዘው ነው። ዝም ብሎ ለሚነዳ ሰው ብዙም አያስጨንቅም። ከደረጃ ለሚዘል፣ በብረት መደገፊያ ላይ በፍሬሙ ሆድ ለሚንሸራተት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከባድ ከሆነ እግር አያስነሳም፤ ስስ ከሆነ ሲያርፉበት ይሰነጠቃል።

መጀመሪያ ላይ እኔም የማየው ቅለቱን ብቻ ነበር። ከጎኔ በርበሬ የምትሸጠውን የወይዘሮ ጥሩዬን ሚዛን እዋሳለሁ።

"ኧረ በርበሬዬን ግራሶ እንዳታስነካብኝ!" እያለች ትሰጠኛለች።

በዚሁ ሚዛን መርጬ ለአንድ የግብርና ባለሙያ ከሁሉ የቀለለውን ገጠምኩለት። በሦስተኛው ዝላይ ፍሬሙ ተሰነጠቀ፣ ሰውዬው ወደቀ፣ እጁ ተሰበረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኔ ጥድፊያ ግን የሰው አጥንት ሰበረ። ልጠይቀው ስሄድ ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ፍሬም ምረጥልኝ የሚለኝን ሁሉ አስቀድሜ የዘወትር ጫማውን አሳየኝ እለዋለሁ።

ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች የስፖርት መምህርት አለች፣ ሰላም ትባላለች። አንድ ቀን የስኬቲንግ ጫማዋንና ሁለት ዓይነት ፍሬም ይዛ መጣች። በሳምንቱ ባሕር ዳር ላይ የስኬቲንግ ዝላይ ቡድን ሊመረጥ ነው። የቀረው ቦታ አንድ ነው፤ ለሚቀጥለው ምርጫ ደግሞ ዕድሜዋ ያልፋል።

"ቀጭኑን ይግጠሙልኝ" አለች።

"እስቲ የተጫማሽውን ወዲህ በይ።"

አውልቃ ሰጠችኝ። የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል።

"ስትወርጂ ግራሽን በጎኑ ነው የምትጥይው" አልኳት።

"ማን ነገረዎት?"

"ይኸው ጫማሽ። የቀጭኑ ጎን እንዲቀል ተብሎ ተቦርቡሯል፤ አይችልሽም። ወፈር ያለው ይገጠም።"

"ጋሼ፣ በዚያ ክብደት የምርጫው የመጨረሻ ብረት መደገፊያ ላይ ዘልዬ አልደርስም። ካልደረስኩ ደግሞ አበቃልኝ።"

አንጀቴን በላችው። ግን የተሰበረው እጅ ከዓይኔ አልጠፋም።

"ቀጭኑን አልገጥምም መምህርት። ክብደቱን ግን እኔ እቀንስልሻለሁ። ሁለት ቀን ስጭኝ።"

ወፍራሙን ፍሬም አልነካሁትም። የፈታሁት ጫማውን ነው። ከግራው ጀመርኩ። ውስጡ ላብ የጠጣ ወፍራም ስፖንጅ ነበረበት፤ አውጥቼ ስስ የቆዳ ገበር አስገባሁ፣ ስፖንጅ የተውኩት ከተረከዙ ሥር ብቻ ነው። ከሶሉ ጎማ ሥራ የሌለውን በቢላዋ ላጥኩ። ትርፍ ርዝመት ያላቸውን ቡሎኖች በልካቸው ቆረጥኩ። ከዚያ ግራውን ከወፍራሙ ፍሬም ጋር በአንዱ ሳህን፣ ያልነካሁትን ቀኝ ከቀጭኑ ጋር በሌላው ሳህን ጫንኩ። የጥሩዬ ሚዛን ቀጥ ብሎ ቆመ። ነገሩን ስነግራት ገበያተኛው እስኪዞር ድረስ እልል አለች። ቀኙንም እንደዚያው ሠራሁ።

ባሕር ዳር አብሬያት ሄድኩ።

ተራዋ ደርሶ ዘለለች። የመጨረሻው ብረት ላይ ደረሰች፣ ተንሸራተተች፣ ወረደች። የወረደችው በግራዋ ነው፣ ያውም በጎኑ። ድምፁን ስሰማ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ጎንበስ አለች እንጂ አልወደቀችም። ከተመረጡት ጋር ስሟ ሲጠራ "ደረስኩ ጋሼ!" እያለች መጥታ አቀፈችኝ። አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ። ጫማዋን ገልብጬ ፍሬሙን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት፤ ጎኑ ተፍቋል፣ ስንጥቅ ግን የለውም። ቀጭኑ ቢሆን ይሰበር ነበር ወይ? አላውቅም፤ ሞክሬ ማወቅም አልፈልግም።

የቡድኑ አሠልጣኝ ጫማውን በእጁ ከፍ ዝቅ አደረገው።

"ይሄን የመሰለ ቀላል ፍሬም ከየት አገኛችሁ?"

"ፍሬሙ ቀላል አይዶለም፤ የቀለለው ጫማው ነው" አልኩት።

"ማን ሠራው?"

"እኔ። የወረታ ጫማ ሰፊ ነኝ።"

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ጫማ ሰፊ ነኝ የሚለውን ያን ያህል ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም።

ፍሬም ለምትመርጡ የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ ሰውዬው እንዴት እንደሚያርፍ እዩ። ማረፉን የሚችለውን ፍሬም ግጠሙ። ክብደት ከዚያ በኋላ ከሌላ ቦታ ይቀነሳል።