ተዝካር የበላው ድሪ

ቀዝቅዞ ሞራው የረጋ የሥጋ ወጥ ዛሬም ያንገሸግሸኛል። ባለፈው ሰሞን የአጎቴ የጋሽ እሸቴ ለቅሶ ላይ ለመድረስ መካነ ሰላም ሄጄ አንድ ሳህን ቢቀርብልኝ አፍንጫዬን ይዤ ወጣሁ። ኩራት መሰላቸው። እኔ ግን ትዝ ያለኝ የአባቴ ተዝካር ነበር።

አባቴ ሲሞት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በሕይወት ሳለ «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ማለት ይወድ ነበር። ጫማውን እያሰፋ ያደርጋል እንጂ ዱቤ የሚባል ነገር ቤታችን አያስገባም። ታዲያ የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ታላቅ ወንድሙ ጋሽ እሸቴ መጣና «የወንድሜ ተዝካር በንፍሮ አይወጣም! ዳስ ይጣል፣ በሬ ይታረድ፤ ሰው ምን ይለናል?» አለ። የበሬ መግዣ ግን ይዞ አልመጣም። ዓይኑን የጣለው የእማዬ አንገት ላይ ነበር።

እማዬ ከእናቷ የወረሰችው፣ ጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ድሪ ነበራት። ጥምቀት ሲደርስ በአመድና በሎሚ ስወለውልላት «ስትዳሪ ያንቺ ነው» ትለኛለች። ጋሽ እሸቴ ያንን ድሪ እትዬ ዘነቡ ለምትባል ባለሱቅ በመያዣ ሰጥቶ በአራጣ ተበደረበት። «አዝመራ ሲገባ እናወጣዋለን፣ ወላሂ!» ብሎ እንደ አገራችን ልማድ ማለ። እማዬ ለባሏ ሰሰተች እንዳትባል ፈርታ ከአንገቷ ፈትታ ሰጠችው።

የተዝካሩ ቀን የእኔ ሥራ እንግዳ ማስታጠብ ነበር። ዳሱ በላብ፣ በጠላና በሞራ ሽታ ታፍኗል። አባቴ ታሞ ሲተኛ ደጃችንን ያልረገጠ ሁሉ አጥንት እየጋጠ «ጠላው ቀጠነ» ይላል። ለብቻ ታርዶ ከቀረበላቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አንዱ፣ ሼህ ሙሄ፣ ጥቂት ቀምሰው «አላህ ያጥናሽ፣ ልጄ» ብለዋት ተነሡ። ያን ቀን እማዬን ያጽናና ሌላ ሰው አላየሁም።

ኋላ እትዬ ዘነቡ ገባች። ማስታጠቢያውን ይዤ ቀርቤ ቀና ስል የእማዬ ድሪ አንገቷ ላይ ነው። መያዣ ተቀምጦ ይጠበቃል እንጂ አይደረግም፤ እሷ ግን አድርጋው፣ ያውም የድሪው ባለቤት ቤት መጣች። እማዬ አየችው። አይታ ወጥ ጨለፈችላት። ሴትዮዋ በጎረሰች ቁጥር የሚንጠባጠበው ቅባት የድሪው ፍሬዎች መሃል እየገባ ረጋ። በልታ ስታበቃ «ነይማ ልጄ፣ ውሃ ጨምሪልኝ» ብላ ድሪውን በአውራ ጣቷ ትፈትገው ጀመር። እኔም ታዝዤ አፈሰስኩላት። ከዚያ ከዳሱ ጀርባ ሄጄ አስመለስኩ።

አዝመራው ገባ፤ ወለዱ ዋናውን ዋጠውና ድሪው በዚያው ቀረ። ጋሽ እሸቴ ግን «የወንድሜ ድግስ» እያለ እስከ አጅባር ገበያ ድረስ ሲያወራ ኖረ።

አሁን ዳሱ የኪራይ ድንኳን ሆኗል፤ መዋጮውም በቴሌግራም ይጠየቃል። የሚያቅለሸልሸው ነገር ግን ያው ነው። በለቅሶው ሦስተኛ ቀን የጋሽ እሸቴ ልጆች እማዬ ዘንድ መጡ። «እትዬ፣ ለአባታችን ተዝካር በሬ ጎደለን። እርስዎ እያሉ ስማችን ይጥፋ? ወርቅ እንደሆነ ዘንድሮ ዋጋው ሰማይ ነክቷል» አሏት፣ ጣቷን እያዩ። ጣቷ ላይ ያለው በድሪው ፋንታ ይሁናት ብዬ በዕቁብ የገዛሁላት የወርቅ ቀለበት ነው።

ተቆጥታ ታባርራቸዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ እቴ! «እምቢ ብል ሰው ምን ይለኛል?» አለችና ቀለበቱን ትጎትት ጀመር። ጣቷ በእርጅና አብጦ አልወጣ አላት።

«ልጄ፣ እስቲ ውሃና ሳሙና አምጪልኝ» አለችኝ።

ጆጉን አንሥቼ በሩ ድረስ ሄድኩና ያለውን ውሃ በሙሉ ደጅ ደፋሁት።

«ውሃ የለም» አልኳቸው።